ሽንፋ ላይ የኮራል ገንዳ?

ጥያቄ፦ አንድ የሽንፋ አንባቢ ከጀርባው የፎም ድንጋይ ግድግዳ ያለው የኮራል ገንዳ ቤታቸው ውስጥ መሥራት ያዋጣ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ግድግዳው ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ኮራል የሚመቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ያለው ውኃ ነው። በመተማ ቆላ ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ማቀዝቀዣው መብራት በጠፋ ቁጥር ከቆመ ኮራሉ ነጥቶ ይሞታል። ጨውም ሌላ ጣጣ ነው፦ ለ200 ሊትር ውኃ 7 ኪሎ ገደማ ልዩ የባሕር ጨው ይጠይቃል፤ የወጥ ጨው አይተካውም።

የሚሻለው የአገሩ ዓሣ ነው። የሽንፋ ወንዝ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር መጽሔት ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያው የኖሩ ሰዎች ከእነዚህ ኩሬዎች ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ቆሮሶ ሞቅ ያለ ውኃ ይችላል፤ እርግጥ ሲያድግ ገንዳው ይጠበዋል።

ፎሙ በቢላ ተቀርጾ፣ ገንዳው ባዶ ሳለ ሻጋታ መከላከያ በሌለው ሲሊኮን ከኋላው መስታወት ጋር ይጣበቃል፤ ካልተጣበቀ ይንሳፈፋል። ከዚያ በስሱ ሲሚንቶ ይቀባል። ሲሚንቶ የውኃውን ፒኤች ስለሚያንር ገንዳው ለሳምንታት ውኃው እየተቀየረ ይቆያል። ዓሣው የሚገባው ፒኤቹ ሲረጋ ብቻ ነው።