ውስኪ በዝንጅብል፦ ከአንድ ጠርሙስ 16 ብርጭቆ

አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር የውስኪ ጠርሙስ በ45 ሚሊ ሊትር እየተለካ ቢቀዳ 16 ብርጭቆ ያስተናግዳል፤ ሥሩ ላይም ጥቂት ይተርፋል። በዓይን ግምት ሲቀዳ ግን እጅ ይከብዳል። በየብርጭቆው 75 ሚሊ ሊትር ከገባ ያው ጠርሙስ አሥረኛው ብርጭቆ ላይ ያልቃል። ልዩነቱ ስድስት ብርጭቆ ነው፤ ከጠርሙሱ ዋጋ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ዕቃ ሲገዛ ለሳንቲም የሚከራከር ነጋዴ እቤቱ ሲገባ ይህን ኪሣራ ሳያየው ያልፋል።

ሁለተኛው ኪሣራ ከዚህ ይብሳል። ይኸውም 12 ዓመትና ከዚያ በላይ በርሜል ውስጥ የቆየ ሲንግል ሞልት ተከፍቶ በጣፋጭ ለስላሳ ሲሞላ ነው። የእንግዳ ክብር በጠርሙሱ ዋጋ የሚለካበት ልማድ ስላለ ነገሩ እንደ ልግስና ይቆጠራል። በሒሳብ ረገድ ግን ገዢው ገንዘቡን ያፈሰሰበት ነገር፣ ማለትም በርሜሉ በዓመታት የሰጠው መዓዛ፣ በስኳርና በጋዝ ተሸፍኖ ማንም ሳይቀምሰው ይቀራል። ይህን መጠጥ በቤቱ ለሚያዘጋጅ ሰው መነሻው እንግዲህ ይኸው ነው፦ ዝንጅብል ሸፋኝ ነው። ደጉንም ክፉውንም ይሸፍናል።

ገበያውን የሠራለትም ይኸው ጠባዩ ነው። የቶሮንቶው ፋርማሲስት ጆን ማክላውሊን «ካናዳ ድራይ» የተባለውን ነጣ ያለ የዝንጅብል ለስላሳ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1904 ነበር። «ድራይ» የተባለው ከእሱ በፊት ከነበሩት ይልቅ ጣፋጭነቱ ቀነስ ያለ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ የአልኮል ንግድ በሕግ ታግዶ በቆየበት ጊዜ፣ በስውር የሚወጣውን መናኛ አረቄ ጣዕም የሚሸፍን ነገር ተፈለገ፤ ዝንጅብሉም ለዚህ ሥራ ተገኘ። በሌላ አነጋገር የድብልቁ ገበያ የሰፋው መጠጡ ጥሩ ስለነበር ሳይሆን መጥፎ ስለነበር ነው።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚጥመው ታሪክ ደግሞ ከውስኪ ሳይሆን ከቮድካ ጋር የተያያዘ ነው። ሒዩብላይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 በአገሩ የ«ስሚርኖፍ»ን መብት ገዛ፤ ያኔ ግን እዚያ ቮድካ የሚጠጣ ሰው ጥቂት ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ኮክ ኤን ቡል» የተባለው ምግብ ቤት ባለቤት ጃክ ሞርጋን በበኩሉ ገዢ ያጣ የዝንጅብል ቢራ ነበረው። የኩባንያው ኃላፊ ጆን ማርቲንና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1941 ሁለቱን ያልተሸጡ ዕቃዎች ከሎሚ ጋር አዋህደው «ሞስኮ ሚውል» አሉት ይባላል። (ማን ፈለሰፈው የሚለው ክርክር አላበቃም፤ የቤቱ አሳላፊም የእኔ ነው ብሏል።) ቮድካው በቦርቦን ሲተካ ስሙ «ኬንታኪ ሚውል» ይሆናል።

ከዚህ የሚወጣው የግዢ ምክር አጭር ነው። ለዝንጅብል የሚሆነው ውስኪ መካከለኛ ዋጋ ያለው ብሌንድድ ስኮች፣ አይሪሽ ወይም ቦርቦን ነው። ስኮች በአገሩ ሕግ ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል መቆየትና ቢያንስ 40 በመቶ አልኮል መያዝ አለበት፤ ዕድሜ ያልተጻፈበትም ከዚህ በታች አይወርድም። ጠርሙሱ ላይ ዕድሜ ከተጻፈ ደግሞ ቁጥሩ የሚያመለክተው በውስጡ ከተቀላቀሉት ውስኪዎች የታናሹን እንጂ የአማካዩን ዕድሜ አይደለም። ቦርቦን ቢያንስ 51 በመቶ ከበቆሎ ስለሚሠራ ጣፈጥ ይላል፤ ስኳሩ ይቀነስለታል። አይሪሹ ለዘብ ያለ በመሆኑ ለጀማሪ ይስማማል።

እዚህ ላይ የአገራችን ገበያ ያመጣው ጣጣ አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከታገዱት 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል ውስኪና ሌሎች የአልኮል መጠጦች ይገኙበት ነበር። እገዳው የተነሳው የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። አቅርቦት ሲጠብና ዋጋ ሲንር አስመስሎ ለሚሠራ ሰው በር ይከፈታል፤ ይህ በማንኛውም ዕቃ የታወቀ ነው። ለተጭበረበረ ውስኪ ደግሞ ከዝንጅብል የተሻለ መደበቂያ አይገኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከመቀላቀሉ በፊት ጠርሙሱን መመርመር ነው። ክዳኑ የተነካካ፣ ማኅተሙ የላላ ወይም የጽሑፉ ቀለም የሚለቅ ከሆነ መቅመስም አያስፈልግም፤ ለሻጩ ይመለሳል። ደህና ከመሰለ ጥቂት ብቻ ተቀድቶ፣ ውኃ ጠብ ተደርጎበት ይሸተታል፤ ቀጥሎ ይቀመሳል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ውስኪ ዝንጅብል ሊገባበት አይገባም። ይሁንና በምላስ መተማመንም ልክ አለው። ዓይን የሚያጠፋውና ነፍስ የሚነጥቀው ሜታኖል በሽታም ሆነ በጣዕም ከተራው አልኮል አይለይም። ደረሰኝ ከሚሰጥና ነገም በቦታው ከሚገኝ ሻጭ መግዛት ከማንኛውም የቤት ውስጥ ፍተሻ ይሻላል።

ዝንጅብሉን በተመለከተ ሸማቹ ዕድለኛ ነው፤ አገሩ አብቃይ ናት። ከወላይታና ከከምባታ አካባቢ የሚመጣው ከጥንት የታወቀ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተዛመተው አጠውላጊ የባክቴሪያ በሽታ ማሳውን ክፉኛ ስለጎዳው ብዙ ገበሬ ወደ ሌላ ሰብል መዞሩ ይታወሳል። ለገበያ የሚቀርበው እርጥብና ደረቅ ሆኖ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ለዚህ መጠጥ አንድ ዕቃ አይደሉም። የእርጥቡ የማቃጠል ኃይል የሚመጣው ጂንጀሮል ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። ዝንጅብሉ ሲደርቅ የዚህ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ እሱ ይበልጥ ያቃጥላል፤ በአንጻሩ ሎሚ ሎሚ የሚለው የእርጥቡ ሽታ ይቀንሳል። ለሻይ ደረቁ ይሁን። ለዚህ መጠጥ የሚፈለገው እርጥቡ ነው፦ ከበድ የሚል፣ ቆዳው ያልተጨማደደ፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል። የተፈጨው ዱቄት ጨርሶ አይመከርም፤ አይጠልልም፣ ብርጭቆውንም ያደፈርሳል።

ለአንድ ጠርሙስ ውስኪ የሚበቃው ሽሮፕ ልኩ ለማስታወስ የቀለለ ነው፦ ዝንጅብል 200 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም፣ ውኃ 200 ሚሊ ሊትር። ዝንጅብሉ ታጥቦ ይከተፍና በሙቀጫ ይወቀጣል። መላጥ ግዴታ አይደለም። ውኃው ስኳሩን እስኪያሟሟ ድረስ ይሞቅና ከእሳት ይወርዳል፤ ዝንጅብሉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እንደ ሻይ ሲንተከተክ የቆየ ዝንጅብል ማቃጠሉን ይዞ መዓዛውን ለወጥ ቤቱ አየር ይሰጣል። ድስቱ ተከድኖ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይጨመቃል። የሚገኘው 300 ሚሊ ሊትርን አለፍ ይላል፤ በየብርጭቆው 20 ሚሊ ሊትር ሲገባ ለ15 ወይም ለ16 ይደርሳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ቢቀመጥ አይጎዳም። በስኳሩ ፈንታ ማር የሚወድ ሰው ማሩን ውኃው ለብ ሲል ያሟሟው፤ ሽታው የከረረ ማር ግን ውስኪውን ይጫነዋል።

መጠኑን ለመያዝ የአረቄ መለኪያ አያስተማምንም፤ መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያልና። ከሳል መድኃኒት ጋር የሚመጣው ባለ ቁጥር የፕላስቲክ ክዳን በደንብ ታጥቦ ሥራውን ይሠራል። አንድ ብርጭቆ የሚይዘው ውስኪ 45፣ ሽሮፕ 20፣ የሎሚ ጭማቂ 15፣ የአምቦ ውኃ 120 ሚሊ ሊትር ነው፤ ድምሩ 200። አምቦ ውኃ ለዚህ ሲባል የተፈጠረ ይመስላል፤ ዋጋውም ከውጭ ከሚመጣው የዝንጅብል ለስላሳ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ባይካርቦኔት ስላለው የሎሚውን ኮምጣጣነት በከፊል ያለዝበዋል። በውጭ አገር መጻሕፍት የተጻፈው የሎሚ ልክ እዚህ የሚያንሰው ስለዚህ ነው፤ ጥቂት ጠብታ መጨመር አይከፋም።

በረዶው ከውስኪው እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ሁለት ፍሬ በረዶ ጣል ማድረግ ቁጠባ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። ትንሽ በረዶ መጠጡን ሳያቀዘቅዝ ራሱ ሟሙቶ ያልቃል፤ የቀረው ለብ ያለ ውኃማ ነገር ነው። ብርጭቆው እስከ አፉ በበረዶ ሲሞላ መጠጡ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ የበረዶውም መሟሟት ይዘገያል። ከሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመ በረዶ ሽታቸውን ይዞ ስለሚመጣ በዋዜማው አዲስ ይሠራ፣ ይከደንም። አምቦውም ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሞቅ ያለ ውኃ ጋዙን አይዝም፣ ሲከፈት አረፋ ብቻ ይሆናል።

አሠራሩ ከዚህ በኋላ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። በረዶው በተሞላው ብርጭቆ ውስኪው፣ ሽሮፑና ሎሚው ገብተው በማንኪያ አሥር ሰከንድ ያህል ይማሰላሉ። አምቦው በመጨረሻ በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ ተብሎ ይወርዳል። ከዚያ ማንኪያው አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ይነሳል፤ ደጋግሞ ማማሰል የተከፈለበትን ጋዝ ማባረር ነው። ከሎሚው ልጣጭ ትንሽ ተቆርጦ ከብርጭቆው በላይ ቢጠመዘዝ ዘይቱ ሽታውን ያነሳዋል።

አሁን አንድ ሒሳብ ይቀራል፤ መታለል የሚመጣበት ነው። 45 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ውስኪ 18 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ የሚይዘው 16.5 ነው። ስለዚህ ይህ ቀዝቃዛ፣ ሎሚ ሎሚ የሚልና እንደ ለስላሳ የሚወርድ ብርጭቆ ከአንድ ቢራ ጥቂት ይበልጣል። በዓይን ግምት 75 ሚሊ ሊትር የተቀዳለት እንግዳ ግን በአንዱ ብርጭቆ ሁለት ቢራ የሚጠጋ ጠጥቶ «ገና አንድ ነው» ይላል፤ መኪናውም ደጅ ቆማለች። ስኳሩም ይቆጠር፦ በየብርጭቆው 12 ግራም ገደማ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው።

ውድ ጠርሙስ ያለውና ማሳየት የሚሻ ባለቤትም መላ አለው። የኒው ዮርኩ አሳላፊ ሳም ሮስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው «ፔኒሲሊን» የተባለ ኮክቴል መሠረቱ ተራ ብሌንድድ ስኮች፣ ሎሚ፣ ማርና ዝንጅብል ነው፤ ጭስ ጭስ የሚለው የአይላ ደሴት ውድ ውስኪ ጥቂት ብቻ ከላይ ይንሳፈፍበታል። ጠጪው ብርጭቆውን ሲያነሳ በቅድሚያ አፍንጫው የሚያገኘው ውዱን ነው። በዚህ ስልት በብርጭቆ 5 ሚሊ ሊትር ቢወጣ ለ16 ሰው የሚያስፈልገው 80 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ከ750 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ዘጠኝ እጁ ገደማ ሳይነካ ወደ ቁም ሣጥኑ ይመለሳል።

ለ16 ብርጭቆ ከሁለት ሊትር በትንሹ ያነሰ አምቦ ይበቃል፤ በረዶው ግን ከሦስት ኪሎ ባያንስ ይመረጣል። ባዶው የውስኪ ጠርሙስ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ወረቀቱ ይላጥ፣ ክዳኑም ተለይቶ ይጣል፤ አስመስሎ የሚሠራው ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው እውነተኛ ጠርሙስ ነው።