ለዶሮ የሚስማማ ቤት አሠራር
ለቢቸናና ለሞጣ አካባቢ ገበሬዎች



ሸለመጥማጥ ገብቶ በአንድ ሌሊት ዶሮዎቹን ከጨረሰ በኋላ ቤት ለመሥራት መነሣት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። ስለዚህ ዶሮ ከማብዛታችሁ አስቀድማችሁ ማደሪያዋን አዘጋጁ።

በአገራችን ዶሮ ብዙውን ጊዜ የምታድረው በሰው ቤት ውስጥ በቆጥ ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት የተለመደ አይደለም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላቸው ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሸለመጥማጥና ሌባም ያሠጋሉ። ነገር ግን ከቆጡ ሥር ኩስ ይጠራቀማል፤ ቅንቅን ወደ መኝታ ይወርዳል፤ ኩሱም ምግብና ውሃ ቢነካ ሕፃናትን ተቅማጥ ያስይዛል። እንግዲህ አዲሱ ቤት የቆጡን መልካም ነገር፣ ማለት ሙቀቱንና ጥበቃውን ወስዶ ጉዳቱን ማስቀረት አለበት።

1ኛ፤ ቦታው። ከመኖሪያ ቤታችሁ አጠገብ፣ ሌሊት የዶሮ ጩኸት የሚሰማበትና ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ። ከመኖሪያው ግድግዳ ጋር አያይዞ መሥራት እንጨት ይቆጥባል፤ ነፋስም ይከላከላል። በሩ የጠዋት ፀሓይ ቢያገኝ መልካም ነው።

2ኛ፤ ስፋቱ። በ1 ካሬ ሜትር ከ4 ዶሮ በላይ አይደር። ርዝመቱ 4 ክንድ፣ ወርዱ 3 ክንድ የሆነ ቤት፣ ማለት 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል፣ ለ12 ዶሮዎች ይበቃል። ጣራው ሰው ገብቶ ለመጥረግ እንዲችል ከፍ ይበል።

3ኛ፤ ግድግዳው። የባሕር ዛፉን ቋሚ ወደ መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብልቡት፤ ምስጥ ቶሎ እንዳይበላው ያግዛል። ቅንቅን በስንጥቅ ውስጥ ስለሚሸሸግ ግድግዳውን አጥብቃችሁ ምረጉ። ነፋስ በማይበረታበት ወገን የግድግዳውን የላይኛውን ክፍል ክፍት ትታችሁ በወንፊት ሽቦ ወይም በተሰነጠቀ ሽመል ዝጉት፤ ቀዳዳው ከአንድ ጣት ወርድ አይብለጥ። ዶሮን ከደረቅ ብርድ ይልቅ የታፈነና እርጥብ አየር ይጎዳታል።

4ኛ፤ ውስጡ። 2 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት የቆጥ እንጨቶች ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ለአንዲት ዶሮ አንድ ስንዝር ይበቃታል። ሁለቱም እኩል ካልሆኑ ዶሮዎቹ በላይኛው ላይ ይጣላሉ። በጨለም ያለው ጥግ፣ ከቆጡ ዝቅ አድርጋችሁ፣ በየማዕዘኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 3 የእንቁላል መጣያዎች አኑሩ። ወለሉ ላይ ደረቅ የጤፍ ጭድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፉ።

5ኛ፤ ጥበቃው። በየማታው ዶሮዎቹን ቆጥራችሁ በሩን ቆልፉ። ጭዱን በየሳምንቱ አገላብጡ፤ የረጠበውን አውጥታችሁ ከጓሮ ፍግ ጋር ቀላቅሉ። ቆጡን በፈላ ውሃ እጠቡ። ዶሮዎች የሚንደባለሉበት ደረቅ አመድም አይጥፋ።

ይሁን እንጂ ቤት ብቻውን ፈንግልን አይከላከልም። ዶሮዎቻችሁን ክረምት ሳይገባ አስከትቡ። ከገበያ የገዛችኋትን ዶሮ፣ ወይም ሳትሸጥ የተመለሰችውን፣ 2 ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ።

የልማት ሠራተኛ ሆይ፤ በቀበሌህ መጀመሪያ ከአንድ ቤተ ሰብ ጋር አንድ ቤት ሥራ። ዶሮዎቹን የምትጠብቀው እመቤት ናትና ስለ በሩና ስለ መጣያው አስቀድመህ እርሷን ጠይቅ። ጎረቤት የሚማረው ከተናገርኸው ይልቅ ካየው ነው።