በሠራተኞች የተያዘ ድርጅት የተሻለ ያተርፋል?

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች የብረታ ብረት ወርክሾፕ ልንከፍት ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር ብንደራጅ ከግል ድርጅት የተሻለ እናተርፋለን?

መልስ፦ በትርፍ ብቻ ከለካችሁት ቁርጥ ያለ ብልጫ የለውም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ገበያ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ባለሀብቱ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ አባላት ግን ደመወዛቸውን ቀንሰው ሥራቸውን ማቆየት ይመርጣሉ።

በስፔን የባስክ ግዛት ያለውን ሞንድራጎን የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብስብ ተመልከቱ። አሪስመንዲያሪዬታ የተባሉት ቄስ ያስተማሯቸው ወጣቶች በ1956 እ.ኤ.አ. የኬሮሲን ምድጃ መሥራት ጀመሩ። የሚገርመው እነሱም አምስት ነበሩ። በ1959 የራሳቸው ባንክ ተቋቋመ፤ ለእኔ የስኬታቸው ምስጢር እሱ ነው፣ ብዙ ማኅበራት የሚወድቁት በካፒታል እጥረት ነውና። ይህም ሆኖ ከስብስቡ ማኅበራት አንዱ የነበረው ትልቁ የቤት ዕቃ አምራች ፋጎር በ2013 ከስሯል። ብዙዎቹ አባላት ወደ እህት ማኅበራት ተዛወሩ። በፖላንድ ፋብሪካው የነበሩት ቅጥር ሠራተኞች ግን አባል ስላልነበሩ ይህ ዕድል አልደረሳቸውም። ማኅበርም አባል ላልሆነው ሠራተኛ አሠሪ ነው።

እናንተ ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ተስማሙ፦ ከትርፉ ስንት እጁ ለማሽን መግዣ እንደሚቀመጥ፣ የሚወጣ አባልም ድርሻውን መቼና እንዴት እንደሚወስድ።