የተምር ዳቦ በአዲስ አበባ ከፍታ

ልጄ፣ እህትሽ ከዋሽንግተን የላከችልሽን የተምርና የዋልነት ዳቦ አሠራር አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ለዋሽንግተን። ያ ከተማ ከባሕር ወለል እምብዛም አይርቅም። አንቺ የምትጋግሪው ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ሆነሽ ነው። አሠራሩን እንዳለ ተከትለሽ መሐሉ የሰረጎደ ዳቦ ከምታወጪ፣ መጀመሪያ እነዚህን ስሚኝ።

1. እርሾን እርሺው። ከድፎ ዳቦ ጋር ያደገ እጅ ማሸት፣ ማቡካት፣ ሸፍኖ መጠበቅ ይወዳል። ይሄኛው ኩፍ የሚለው በቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ሶዳው እርጥበትና ጎምዛዛ ነገር ሲያገኝ ወዲያው ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙም ማንንም አይጠብቅም። የተፈለገውም ያለ እርሾ ለመጋገር ነበር። አሜሊያ ሲመንስ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1796 ባሳተመችው የአሜሪካ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ አንዳንዱ ሊጥ የሚነሳው ከእንጨት አመድ በተጣራ ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ደግሞ አልፍሬድ በርድ የተባለ የበርሚንግሃም መድኃኒት ቀማሚ፣ ሚስቱ እርሾ ስለማይስማማት ቤኪንግ ፓውደር ሠራላት። ጎበዝ ባል ነው።

2. ከፍታውን አስቢ። አሠራር ሲጻፍ ማንም «ይህ ለቆላ ነው» ብሎ አይጽፍልሽም። እኛ ጋ አየሩ ስስ ነው፤ ሊጡን የሚጫነው ኃይል ስለሚያንስ ጋዙ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ዳቦው ገና ሳይጠና ሽቅብ ይነሳና መልሶ ይወድቃል። ውኃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቶሎ ይተናል፤ ስኳሩ ይጠነክራል፣ ዳቦው ይደርቃል። የዴንቨር ሰዎች 1,609 ሜትር ላይ ሆነው እንኳ ልካቸውን ይቀይራሉ፤ እኛ ከእነሱ በ700 ሜትር እንበልጣለን።

ስለዚህ ልኩ እንዲህ ይሁን፦ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 225 ግራም ፍሬው የወጣ ተምር፣ 100 ግራም ዋልነት ወይም ኦቾሎኒ፣ አንድ እንቁላል፣ አራት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። እህትሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ሶዳ ብላለች፤ አንቺ ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ አይበቃም ብለሽ አትስጊ። ከበዛ ዳቦው ሳሙና ሳሙና ይላል። የእሷን አንድ ኩባያ የፈላ ውኃ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። ስኳሩን ከአንድ ኩባያ ወደ ሦስት አራተኛ አውርጂ፤ ተምሩ ራሱ ስኳር ነው። ኦቨኑን ከ175 ወደ 185 ዲግሪ ከፍ አድርጊ። ከዚህ ውጭ ያለው ማስተካከያ እንደ ኦቨንሽ ጠባይ ነው፤ አንዱ ኦቨን ከሌላው ጋር አይስማማም።

አንድ ነገር ልጨምር። አሠራሩ «የዳቦው ውስጥ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጪ» ይላል። እዚህ ውኃው ራሱ ከዚያ በታች ስለሚፈላ፣ መለኪያው 96 እስኪል ብትጠብቂ የምታወጪው የደረቀ ዳቦ ነው። መለኪያውን ተይውና ስቴኪኒ ውጊበት፤ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በቃ።

3. ተምሩን በእጅሽ ፈትሺ። ፍሬው ወጥቷል ተብሎ የተሸጠ ተምር ውስጥ እንኳ አንድ ፍሬ አይጠፋም፤ የእንግዳ ጥርስ ደግሞ አይተካም። እህትሽ የምትገዛው ምናልባት መጁል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ከሞሮኮ ወደ አሜሪካ የተወሰደው ዝርያ፣ ትልቅና ለስላሳ። እኛ ገበያ ብዙ ጊዜ የምታገኚው ተጠቅጥቆ የታሸገና ደረቅ ያለ ነው። ስለዚህ ከትፈሽ ሶዳውን በትኚበት፣ የፈላውን ውኃ አፍስሺበት፣ ግማሽ ሰዓት ተይው። ሶዳው ልጣጩን ያላላዋል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል፤ ያ መልካም ነው። ለብ ካለ በኋላ ነው እንቁላሉ የሚገባው፤ ካልሆነ ይበስልብሻል። በረመዳን ሰሞን ተምር በብዛት ስለሚገባ ያኔ ገዝተሽ አስቀምጪ።

4. ዋልነት ውድ ነው፤ ካላገኘሽ አትዘኚ። የባቢሌ ኦቾሎኒ ለዚህ ዳቦ አያንስም፤ እንዲያውም እኔ እሱን እመርጣለሁ። ግን ልቅም አድርጊው። የጠቆረ፣ የተጨማደደ፣ የሻገተ ወይም የመረረ ፍሬ ካየሽ ለሰውም ለዶሮም አትስጪ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያፈራል፤ መቁላትም ሆነ መጋገር ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ንጹሑን እንደ ቆሎ ምጣድ ላይ ለዘብ ባለ እሳት ቁዪ፣ ሲቀዘቅዝ ገለባውን አራግፊ፣ ከዚያ በቢላ ሸርከት ሸርከት አድርጊው። አትውቀጪው፤ ከደቀቀ ከጥርስ ሥር አይገኝም።

5. ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ በእንጨት ማንኪያ ጥቂት ጊዜ ብቻ አዙሪ። የዱቄት ነጠብጣብ ቢታይሽ ተይው። ባማሰልሽው ቁጥር የስንዴው ጅማት ይጠነክራል፤ ዳቦው ጎማ ይሆናል፣ ውስጡም ረጃጅም ቀዳዳ ያበጃል። ኦቾሎኒውን መጨረሻ ላይ ጣል አድርጊ።

6. መብራቱን ሳታምኚ እንዳታገናኚያቸው። ኦቨኑ ግሎ፣ መጋገሪያው ቅቤ ተቀብቶ ዝግጁ ሲሆን ነው ዱቄቱ ወደ እርጥቡ የሚገባው። ከተዋሐደ በኋላ መብራት ቢጠፋ ጋዙ እያመለጠ አንቺ ስልክ ስትደውይ ትውያለሽ። ሳይዋሐድ ከጠፋ ግን ጉዳቱ ያንሳል፤ ተምሩ ጥቂት ቢቆይ ይበልጥ ይለሰልሳል። ከሰል ካለሽ ወፍራም ብረት ድስትም ይጋግረዋል፤ እናቶቻችን ድፎውን ከላይም ከታችም በእሳት እንደሚያበስሉት ማለት ነው። የታችኛውን ፍም ሳሳ፣ የክዳኑን በዛ አድርጊ።

7. በጾም ጊዜ ይህን ዳቦ አትተዪው፤ ከብዙ ኬክ ይልቅ ለጾም የሚመቸው እሱ ነው፣ ተምሩ ራሱ ያያይዘዋልና። በእንቁላሉ ፋንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጠሽ እስኪያዝ ድረስ ተይው። በቅቤው ፋንታ ሦስት ማንኪያ ዘይት። ትንሽ ጠጠር ይላል እንጂ ጣዕሙ አይጎድልም።

8. ቅመም ካሰኘሽ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና የኮረሪማ ቁንጥር። ቫኒላ ተምር ላይ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

9. ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይበስላል፤ ከ45 ደቂቃ ጀምሮ ስቴኪኒውን ሞክሪ። ስታወጪው አሥር ደቂቃ መጋገሪያው ውስጥ ተይው፣ ከዚያ ገልብጪ። ሙሉ ለሙሉ ሳይቀዘቅዝ ብትቆርጪው ይፈራርሳል። ጠቅልለሽ ብታሳድሪው በማግስቱ ይሻላል፤ የተምሩ እርጥበት ወደ ዳቦው ይገባል። ባለ ጥርስ ቢላ ተጠቀሚ፣ ስስ አድርገሽ ቁረጪ፣ ለቡና ቁርስ ከቆሎው ጎን አቅርቢ።

10. ክሬም አትቀቢው። ክሬም የሚፈልግ ሰው ካለ ኬክ ቤት ይሂድ።