ከአርባ ዓመት በኋላ በተጠባባቂ ጦር መመዝገብ

ጥያቄ፦ በጆርጂያ ግዛት በሮዝዌል የሚኖር፣ ግሪን ካርድ ያለው የ41 ዓመት ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ ተጠባባቂ ጦር መመዝገብ ይችላልን? በኢትዮጵያ ሠራዊት ያገለገለበት ዘመንስ ይታሰብለታልን?

መልስ፦ ተጠባባቂ ጦር አባላቱ መደበኛ ሥራቸውን ሳይለቁ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል የሚሠለጥኑበት፣ ሲታዘዙ ግን ለሙሉ ጊዜ ግዳጅ የሚጠሩበት የሠራዊት ክፍል ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለአዲስ ምልምል የሚፈቅደው ከፍተኛ ዕድሜ 42 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ኃይል ከዚህ ዝቅ ያለ ወሰን ሊያወጣ ስለሚችል የማሪን ጦር በ28 ዓመት ሲገታ፣ አየር ኃይሉ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ እስከ 42 ይቀበላል፤ የዚሁ ኃይል ተጠባባቂ ጦር ሰፈር የሆነው ዶቢንስም ከሮዝዌል ብዙ በማይርቀው ማሪዬታ ይገኛል። ግሪን ካርድ ለተራ ወታደርነት ሲበቃ፣ መኮንንነትና የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቁ ሙያዎች ዜግነትን ይሻሉ። በኢትዮጵያ የተሰጠ አገልግሎት አይታሰብም፤ ለዕድሜ ወሰኑ ሲሰላ ከዕድሜ የሚቀነሰው በአሜሪካ ጦር የተሰጠ አገልግሎት ብቻ ነው። የተጠባባቂ ጡረታ 20 የአገልግሎት ዓመታት ስለሚጠይቅ፣ በ41 ዓመቱ የጀመረ ሰው ይህን የሚሞላው በ61 ዓመቱ ነውና፣ ጡረታን ዋና ዓላማው አድርጎ መመዝገብ አይገባውም።