የሞተር ክፍሎችን በዱቄት ቀለም ስለ መቀባት

በጋራዥ የሠሩና አሁን የመኪና ጥገና የሚማሩ አንባቢዎቻችን ስለ ዱቄት ቀለም ደጋግመው ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ይበረክታል፣ ከተራ ቅብም የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ይሁን እንጂ ዝግጅቱ ካልታወቀበት ያማረው ክዳን የደንበኛውን ሞተር ሊገድል ይችላል። በዚህ ትምህርት የምናተኩረውም ይበልጡን በዝግጅቱ ላይ ነው።

የዱቄት ቀለም ቲነር የማይገባበት ደረቅ ቀለም ነው። ሙጫ፣ ማጠንከሪያና ማቅለሚያ ተቀላቅለው ይፈጫሉ። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤርቪን ገመር የተባለ ባለሙያ የጋለ ብረትን በአየር በሚንሳፈፍ ዱቄት ውስጥ እየነከረ ይሸፍን ነበር፤ በኤሌክትሪክ መርጫ መቀባት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በየከተማው የምናያቸው ባለቀለም የአሉሚኒየም በሮችና መስኮቶች ብዙዎቹ የሚቀቡት በዚሁ ዘዴ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመርጫው የሚወጣው ዱቄት በብዙ ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ይሞላል፤ የሚቀባው ዕቃ ደግሞ ከማሳ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ዱቄቱ ወደ ብረቱ ተስቦ ይለጠፍበታል። በዚህ ጊዜ በጣት ቢነካ ይረግፋል። የሚጠነክረው ምድጃ ገብቶ ሲቀልጥና ሲበስል ነው። የሙቀቱ ልክ በዱቄቱ ካርቶን ላይ ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። ደቂቃው የሚቆጠረው ምድጃው ከሞቀ ጀምሮ ሳይሆን ብረቱ ራሱ ያንን ሙቀት ካገኘ ጀምሮ መሆኑን አትርሱ። የላሜራ ክዳን ቶሎ ይሞቃል፤ ወፍራም የአልተርኔተር መያዣ ግን ብዙ ይዘገያል።

የሚቀቡት የፑንቴሪያ ክዳን፣ የዘይት ኮፓ፣ የአልተርኔተር መያዣና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ግን ሙቀቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ተራውን ዱቄት ያቃጥለዋል። ፒስቶን፣ ሲሊንደርና እርስ በርሱ የሚፋተግ ማንኛውም ገጽ ፈጽሞ አይቀባም።

ወደ ጽዳቱ እንምጣ። ሞተር የሚያጥቡ ሰዎች ኮስቲክ ሶዳ ይወዳሉ። ለብረት ይሠራል፤ አሉሚኒየምን ግን ይበላዋል፣ ሲበላውም በእሳት የሚያያዝ ጋዝ ያወጣል። ለአሉሚኒየም ክዳን ሙቅ ውሃ፣ የልብስ ሳሙናና ብሩሽ ይበቃል፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። አሮጌ የአሉሚኒየም ክዳን ዘይት የጠጣ ስለሆነ ቢታጠብም በውስጡ ይቀርበታል። ይህ ዘይት በምድጃ ውስጥ ወጥቶ ቀለሙን ያኮርፈዋል። ስለዚህ ዱቄት ከመነፋቱ በፊት ክዳኑ ባዶውን፣ ከማብሰያው ሙቀት ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ምድጃ ገብቶ ዘይቱን መትፋት አለበት። ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይጸዳል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ አሸዋ ነው። ዝገትና አሮጌ ቀለም ለማንሣት ብዙዎች በኮምፕሬሰር አሸዋ ይነፋሉ። ለቸርኬ መልካም ነው። የፑንቴሪያ ክዳን ግን ብዙውን ጊዜ ከውስጥ በሪቬት ወይም በቪቴ የተያዘ ላሜራ አለው፤ ሥራውም የዘይት ጠብታ በመተንፈሻው ቱቦ እንዳይወጣ መከልከል ነው። አሸዋው ከዚህ ላሜራ ጀርባ ይደበቃል። በውሃም በአየርም ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል። ሞተሩ ተነሥቶ የጋለ ዘይት ሲረጭበት ግን ቀስ በቀስ እየታጠበ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ማጣሪያው ከፓምፑ በኋላ ስለሆነ ፓምፑን አያድነውም፤ ማጣሪያው ሲዘጋ ደግሞ ዘይቱ ሳይጣራ አልፎ ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርባቸውን ብሮንዚናዎች ያስፈጫል። ባለ መኪናው በቀለሙ እየተደሰተ ሞተሩ ያልቃል። ስለዚህ ላሜራው የሚፈታ ከሆነ ፍቱት። የማይፈታ ከሆነ አሸዋ አትንፉበት፤ ቀዳዳዎቹን ደፍናችሁ ውጭውን በብርጭቆ ወረቀት በእጅ አጽዱት። የአሸዋው ብናኝ የሠራተኛውንም ሳንባ ለዘለቄታው ይጎዳል፤ አፍን በሻርፕ መሸፈን ከዚህ አያድንም።

ከጽዳቱ ቀጥሎ መሸፈን ነው። ጋስኬት የሚያርፍበት ገጽ፣ የብሎን ጥርስና የማሳ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ቀለም አይነካቸውም። ተራ የወረቀት ፕላስተር በምድጃው ሙቀት ስለሚያርር ሙቀት የሚችለውን መጠቀም ያስፈልጋል። ጎማና ፕላስቲክ ሁሉ አስቀድሞ ይወልቃል።

እስከዚህ ያለው ሥራ መብራት እንኳ በሌለበት በካምፓችን ውስጥ ሊሠራ ይችላል። መርጨቱና ማብሰሉ ግን ምድጃ ላለው የከተማ ባለሙያ ቢተው ይሻላል ባዮች ነን። የተዘጋጀ ዕቃ ወስዶ ማስቀባት ዋጋውን ሊቀንስ ይችላል፤ የዝግጅቱ ሒሳብም ለአዘጋጁ ይቀራል። ምድጃ አለኝ የሚል ግን ሁለት ነገር ይወቅ። በአየር ላይ የተበተነ የቀለም ዱቄት በብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል በአቅራቢያው ከሰል፣ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይኑር። ቀለም የበሰለበት ምድጃም ከዚያ በኋላ ዳቦ አይጋገርበትም፤ ቢታጠብም አይጋገርበትም። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን በተለይ ይጠንቀቅ።

ምድጃ የሌለው ሰው ሙቀት የሚችል የሞተር ቀለም በጣሳ ገዝቶ ቢረጭ ነውር የለበትም። ነውሩ ያንን የዱቄት ቀለም ነው ብሎ መሸጡ ነው።

ዕቃው ከምድጃ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። መብሰሉን ለማወቅ በማይታይ ቦታ ቲነር የነካ ጨርቅ ጥቂት ጊዜ አሹበት። ቀለሙ በብዛት ወደ ጨርቁ ከመጣ ገና ስላልበሰለ ወደ ምድጃው ይመለሳል። ሲገጠም አዲስ ጋስኬት ይግባለት። ብሎኖቹ በመኪናው መመሪያ ልክ ይጠበቁ። ከብሎን ራስ ሥር የቀረ ቀለም ሲሞቅ ስለሚሟሽሽ ብሎኑ ይላላል። ስለዚህ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ፈትሹ፣ በክዳኑ ዙሪያም ዘይት ማንጠባጠቡን እዩ።