ጉርጧ ራቷን እስክትበላ

ሚሚዬ፣ እንጨቷን ጣያት። የጉርጧን ጎን እየነካካሽ ብይ ብትያት አትበላም፤ ተነፍታ ቁጭ ነው የምትልብሽ። ነይ እዚህ ደረጃው ላይ ተቀመጪ፣ የስልክሽንም መብራት አጥፊው። የበሩ አምፖል ይበቃል፤ ነፍሳቱን የሚሰበስብላት እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ ከዝናቡ በኋላ አሸኑ ፈልቷል፣ ከዚህ የተሻለ ምሽት ከየት ታመጫለሽ?

ጉርጥ ዓይኗ የሚያርፈው በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው። የሞተ ዝንብ አፍንጫዋ ሥር ብታስቀምጪላት አብዛኛውን ጊዜ ዞር ብላም አታየው። ኤቨርት የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ቀጭን የካርቶን ቁራጭ ፊቷ እያንቀሳቀሰ ሞክሯታል። ቁራጩ ተጋድሞ ወደ ርዝመቱ ሲሄድ ትል መስሏት ትከተለዋለች፤ ያንኑ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ሲያስኬደው ግን ዝም! ግዙፍ ነገር ከተንቀሳቀሰባት ደግሞ ጠላት ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ግዙፏ አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ እግርሽን አታወዛውዢ።

ምላሷን አያለሁ ብለሽ አትድከሚ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትከፍቺ ያልቃል። እኔን ከሰማሽኝ የኋላ እግሯን ጣት ተመልከቺ። ይኸው ዞረች... ወደፊት ዘንበል አለች... ረጅሙ ጣቷ ሲርገበገብ አየሽ? አሁን ጠብቂ። በቃ፣ ዋጠችው! ምላሷ የተያያዘው እንደ እኛ ከወደ ጉሮሮ ሳይሆን ከአፏ ጫፍ ነው፤ ተገልብጦ ይወጣና አጣብቆ ይመለሳል።

ዓይኗንስ አየሽው? እንቅልፍ እንዳይመስልሽ። ጥርስ የላትም፤ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰጥመው ምግቡን ወደ ጉሮሮዋ ይገፉላታል። ያልገባውን ክንፍ በፊት እጇ ስትጠቀጥቀው እኔማ ሁሌ ያስቀኛል፤ አፉን ሞልቶ የጎረሰ ሕፃን ነው የምትመስለኝ።

ተባይ ትጨርስልናለች ብለሽ ግን ከወንዝ ዳር ለቅመሽ እንዳታመጪ። በፈረንጆቹ 1935 ከሃዋይ ወደ አውስትራሊያ ትልልቅ ጉርጦች ያመጡት የሸንኮራ አገዳውን ጥንዚዛ ይበሉልናል ብለው ነበር። ጥንዚዛው አገዳው ላይ ወጥቶ ይበላል፣ ጉርጧ መሬት ላይ ታድናለች፤ የት ይገናኙ? ጥንዚዛው እንዳለ ቀረ፣ ጉርጦቹ አገሩን ሞሉት። የኛዋ በራሷ እግር መጥታለች፣ እሷው ትበቃናለች።

ኪንታሮት ታወጣለች የሚሉሽን አትስሚ፣ ውሸት ነው። ከዓይኗ ኋላ ያለው እብጠት ግን እውነተኛ መርዝ አለው፤ ስትጨነቅ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ውሻ በአፉ ከያዛት አረፋ ይደፍቃል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሂጂና ቡቺን እሰሪው። ከነካሻት ደግሞ እጅሽን በሳሙና ሳትታጠቢ ዓይንሽን እንዳታሺ፤ እኔ ቦታሽን እጠብቅልሻለሁ።